የቡና ማፍያውን የጠበቀችው ካሜራ



ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በየቁምስናው ከምናገኛቸው ወላጆችና ወጣቶች ዘንድ ተደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ ስለ ካሜራ ነው። በእጅ ስልክ ላይ ያለው ካሜራ፣ በሱቅ በር ላይ የተሰቀለው ካሜራ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ለእናታቸው ቤት ገዝተው የሚልኩት ካሜራ፣ ሁሉም በየፊናው ጥያቄ ያስነሣል። ስለ ነገሩ «መልካም ነውን? ክፉ ነውን?» ብሎ በአንድ ቃል መልስ መፈለግ ግን ሩቅ አያስኬድም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፋችን ጉዳዩን ከመነሻው ለመያዝ ስንል፣ ሥዕሉን በመረብ አማካይነት ያለማቋረጥ ያሳይ የነበረው የመጀመሪያው ካሜራ እንዴት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ሠራና እንዴት እንዳበቃ ለመተረክ እንወዳለን። ታሪኩ ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ዛሬ በዙሪያችን ስላሉት ካሜራዎች ልንጠይቅ የሚገባንን ነገር በውስጡ ይዟል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በካምብሪጅ የነበረው ችግር

በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ውስጥ «ትሮጃን ሩም» ተብሎ የሚጠራ አንድ ክፍል ነበር። በ1991 በዚህ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩ 15 ያህል ተመራማሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ የቡና ማፍያ ብቻ ነበራቸው፤ እርሱም ከዚሁ ክፍል ውጭ በመተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ነበር። ማፍያው የኤሌክትሪክ ሲሆን፣ የፈላው ውኃ በተፈጨው ቡና ላይ እያለፈና እየተጣራ ከሥሩ ወዳለው የመስታወት ማንቆርቆሪያ ይወርዳል። ከተመራማሪዎቹ አንዳንዶቹ በማፍያው አጠገብ ሲሠሩ፣ ሌሎቹ ግን በሌላ ፎቅ ላይ ነበሩ። ራቅ ያለው ሰው ሥራውን አቋርጦና ብዙ ደረጃ ተሻግሮ ሲደርስ አዘውትሮ የሚያገኘው ባዶ ማንቆርቆሪያ ነበር፤ ቅርብ ያሉት ቡናው መድረሱን ቀድመው አውቀው ይቀዱታልና።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ይህ ችግር ከመሠረቱ የጉርብትና ችግር እንጂ የሳይንስ ችግር አልነበረም። ቡና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ተክል ነውና፣ በዚህ ነገር የአገራችን ባላገር ለካምብሪጅ ሊቃውንት የሚያካፍለው ልምድ አለው። በእኛ ዘንድ ቡናው ሲቆላ ሽታው ራሱ ጥሪ ነው፤ እርሱ ካልበቃ ደግሞ ሕፃን ይላካል፣ «ኑ፣ ቡና ጠጡ» ይባላል። አቦል ያመለጠው ለቶና፣ ቶና ያመለጠው ለበረካ ይደርሳል። ባለቡናዋ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ጎረቤት እስኪሰበሰብ ትጠብቃለች እንጂ ለቀደመ ብቻ አትቀዳም። በካምብሪጅ የነበሩት ሰዎች የሚልኩት ሕፃን ስላልነበራቸው በእርሱ ፈንታ ካሜራ አቆሙ ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም።

መላውን ያገኙት ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። አንድ ትርፍ ካሜራ ፈልገው በቤተ ሙከራ መቆሚያ ላይ አሰሩትና ፊቱን ወደ ማፍያው አዞሩት። ከካሜራው የሚወጣውን ሽቦ «አኮርን አርኪሚዲስ» ከተባለ ኮምፒዩተር ጋር አገናኙት፤ በዚያ ላይ የተገጠመው መሣሪያ የካሜራውን ሥዕል እየያዘ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ጃርዴትስኪ ሥዕሉን የሚያድለውን ፕሮግራም ሲጽፍ፣ ስታፎርድ ፍሬዘር ደግሞ በእያንዳንዱ ተመራማሪ ኮምፒዩተር ላይ ሥዕሉን ተቀብሎ በመስኮቱ ጥግ የሚያሳየውን ጻፈ። ስሙንም «ኤክስኮፊ» አሉት። ከዚህ በኋላ በሌላ ፎቅ ያለው ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ማንቆርቆሪያው ሙሉ ወይም ባዶ መሆኑን ማየት ቻለ። ሥዕሉ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይታደስ ነበር፤ ማንቆርቆሪያ ቀስ ብሎ የሚሞላ ነገር ስለሆነ ይህ ፍጥነት ለጉዳዩ ይበቃል።

ኤክስኮፊ የሚሠራው በቤተ ሙከራው የውስጥ መረብ ላይ ብቻ ነበር። በ1993 ግን ሌላ ነገር ተከሰተ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በስዊዘርላንድ የሚገኘው ሰርን የተባለው የምርምር ተቋም «ዓለም አቀፍ ድር» ተብሎ የሚታወቀውን፣ ድረ ገጽ የሚባለውን ሁሉ የተሸከመውን ሥርዓት፣ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው፤ ድረ ገጾችም ከጽሑፍ ጋር ሥዕል ማሳየት ጀመሩ። በኅዳር ወር 1993 ዳንኤል ጎርደንና ማርቲን ጆንሰን የተባሉ ሁለት የቤተ ሙከራው ሰዎች የማፍያውን ሥዕል ከዚህ ሥርዓት ጋር አገናኙት። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ማንቆርቆሪያው የ15 ሰዎች ጉዳይ መሆኑ ቀረና ኮምፒዩተርና መስመር ያለው የዓለም ሕዝብ ሁሉ የሚመለከተው ሆነ።

ሥዕሉ እንዴት ይደርስ ነበር?

ይህን ክፍል መምህራን በተለይ ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን፤ ወጣቶቻችን መሣሪያውን በየቀኑ እየተጠቀሙበት፣ አሠራሩን ግን እንደ ምትሐት ሲቆጥሩት እናያለንና።

የመጀመሪያው የኤክስኮፊ ሥዕል ወርዱ 128፣ ቁመቱ 128 ነጥብ ነበር፤ በድምሩ 16,384 ነጥብ ማለት ነው። ቀለም አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከጥቁር እስከ ነጭ ባለው መካከል አንድ የግራጫ ደረጃ ይይዛል፣ ያም ደረጃ በቁጥር ይጻፋል። በመረቡ ላይ የሚሄደው እንግዲህ የነጥቦቹ ቁጥሮች ዝርዝር ነው። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ኮምፒዩተር ቁጥሮቹን በተራ ተቀብሎ ነጥቦቹን መልሶ ያቀልማል። በድረ ገጽ በኩል የሚመለከት ሰው ሲመጣ ደግሞ ሥርዓቱ ይህ ነው፤ የሰውየው ኮምፒዩተር ጥያቄ ይልካል፣ በካምብሪጅ ያለው ኮምፒዩተር በዚያች ሰዓት ያለውን የቅርብ ጊዜ ሥዕል ይመልስለታል። ሳይጠየቅ የሚመልስ የለም።

ይህን በክፍል ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ማሳየት ይቻላል። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ወስዳችሁ በአንዱ ገጽ ላይ ወርዱ 16፣ ቁመቱ 16 ካሬ የሆነ ቦታ ከልሉ፤ 256 ካሬ ይሆናል። አንዱ ልጅ በዚያ ውስጥ ጀበና ይሣል፣ ጥቁር ካሬ 1፣ ነጭ ካሬ 0 ይባል። ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያንብብ፤ ሌላው ልጅ ሥዕሉን ሳያይ በራሱ ደብተር ይሙላ። አንባቢው አንድ ካሬ ቢዘል ጀበናው አንገቱ ይጣመማል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ትምህርቱ ግን ይያዛል። ከዚያም ካምብሪጅ በዚያ ዘመን ይልክ የነበረው ሥዕል የዚህ 64 እጥፍ እንደ ነበር፣ ዛሬ በኪሳቸው ያለው ስልክ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ነጥብ እንደሚይዝ ንገሯቸው።

ከዚሁ ልምምድ አንድ ሌላ ቁም ነገር ይወጣል። ሁለተኛው ልጅ ሥዕሉን ሞልቶ ሲጨርስ፣ የመጀመሪያው ልጅ በራሱ ሥዕል ላይ ሌላ መስመር ጨምሮ ሊሆን ይችላል። በካምብሪጅም እንዲሁ ነበር። በደቂቃ ሦስት ጊዜ የሚታደስ ሥዕል እስከ 20 ሰከንድ ያረጀ ነውና፣ ተመልካቹ የሚያየው ያለፈውን ነው። ሙሉ ማንቆርቆሪያ አይቶ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ደረጃውን ሲወርድ ሌላው ሊቀድመው ይችል ነበር። ካሜራው ከንቱ መንገድን ቀነሰ እንጂ አላጠፋም። ከዚህም በላይ፣ ባዶውን ማንቆርቆሪያ ማን ይሙላው የሚለውን ጥያቄ ካሜራው አልነካውም። ሁሉም ባዶነቱን ከወንበሩ ሆኖ ማየት ቻለ፤ ማየት ግን ማፍላት አይደለም። ስለ መሣሪያዎች በሚደረግ ወሬ ሁሉ ይህ ልዩነት ቶሎ የሚረሳ መስሎ ይታየናል።

ዝናውና ፍጻሜው

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ይህች ማንቆርቆሪያ ግን አባባሉን ገለበጠችው። ከቶ በማይጠጡት ቡና ላይ፣ ከቶ በማይገቡበት ክፍል ውስጥ የሆነውን ለማየት በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ተመልካቾች ገጹን ጎበኙ። እንደሚተረከው፣ በሩቅ ምሥራቅ ያሉ ሰዎች የእነርሱ ቀን በካምብሪጅ ሌሊት ስለሚሆንና ከጨለማ በቀር የሚያዩት ስለሌላቸው፣ ሌሊቱን መብራት እንዲተውላቸው ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በከተማይቱ የቱሪስት መረጃ ቢሮ ደግሞ ከአሜሪካ የመጡ እንግዶች ማፍያው የት እንዳለ ይጠይቁ ነበር ይባላል።

ስለምን ይሆን? ብዙዎች ነገሩን በሥራ ፈትነት ይተረጉሙታል። እኛ ግን ከዚህ የተለየ አሳብ አለን። ከዚያ በፊት ሩቅ ያለን ነገር በሥዕል ያየ ሰው ያየው የተመረጠ ነገርን ነው፤ ጋዜጠኛው መርጦ ያነሣውን፣ ቴሌቪዥኑ አሰናድቶ ያቀረበውን። ማፍያውን ግን ማንም አላሰናዳውም፤ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ሰው ሲሠራ በሚውልበት ቦታ ቡና አለ ወይም የለም። ሩቅ ያለን ተራ ኑሮ ማየት ሰውን ያጓጓል፤ ዛሬ በስደት ያለ ልጅ በስልክ «እስቲ ግቢውን አዙረሽ አሳዪኝ» ሲል የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጉጉቱ በራሱ ነውር የለበትም።

የካሜራው ዘመን አሥር ዓመት ያህል ሆነ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማፍያው ከአንድ ጊዜ በላይ ተለውጧል። በ2001 ቤተ ሙከራው ወደ አዲስ ሕንፃ ሊዛወር ሲዘጋጅና የቆየውን መሣሪያ መጠገን አስቸጋሪ ሲሆን፣ ነሐሴ 22 ቀን 2001 ካሜራው ተዘጋ። የመጨረሻው ሥዕል መሣሪያውን የሚዘጉትን ጣቶች ያሳያል። የመጨረሻው ማፍያ «ክሩፕስ» ከተባለው ፋብሪካ የወጣና የተበላሸ ሲሆን፣ በኢንተርኔት በኩል ለጨረታ ቀርቦ «ሽፒግል ኦንላይን» የተባለው የጀርመን የዜና ድርጅት በ3,350 የእንግሊዝ ፓውንድ ገዛው። የፋብሪካው ሠራተኞች ያለ ዋጋ አደሱት፤ ከ2015 ጀምሮም በጀርመን በፓደርቦርን ከተማ በሚገኘው የሃይንዝ ኒክስዶርፍ ሙዚየም በውሰት ተቀምጧል።

የእርሱ ዘመዶችም ነበሩት፤ በአጭሩ እንጥቀሳቸው። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1982 በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የኮምፒዩተር ተማሪዎች የኮካ ኮላ መሸጫውን መኪና ከኮምፒዩተራቸው ጋር አያይዘው፣ ጠርሙስ መኖሩንና መቀዝቀዙን ከሩቅ ይጠይቁት ነበር፤ ጠርሙሱ ከገባ ሦስት ሰዓት ካለፈው «ቀዝቃዛ» ይባላል። በ1990 ጆን ሮምኪ የተባለ መሐንዲስ በአንድ የሙያ ጉባኤ ላይ በኢንተርኔት የሚበራና የሚጠፋ የዳቦ መጥበሻ አሳየ፤ ዳቦውን ግን በእጅ ማስገባት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ በተከታዩ ዓመት ለዚህ አንዲት ትንሽ ክሬን ተጨመረች። ሚያዝያ 1 ቀን 1998 ደግሞ፣ ፈረንጆች በየዓመቱ እርስ በርስ በሚቀላለዱበት ቀን፣ ላሪ ማሲንተር የተባለ ባለ ሙያ የቡና ማፍያን በመረብ ለማዘዝ የሚያገለግል «ደንብ» ጽፎ አወጣ። በዚያ ደንብ መሠረት ቡና እንዲያፈላ የታዘዘ የሻይ ማንቆርቆሪያ 418 የሚል ቁጥር በመመለስ ትእዛዙን ይከለክላል። ቀልዱ ሥር ሰዶ፣ በ2022 የወጣው እውነተኛው የድረ ገጽ መግባቢያ ደንብ እንኳ ቁጥር 418ን ለሌላ ሥራ እንዳይውል ለይቶ አስቀምጦታል። ጀበናችን ሻይ እንድታፈላ ብትታዘዝ ምን ቁጥር ትመልስ እንደ ነበር ለአንባብያን እንተወዋለን።

ካሜራው ወደ ሰው በዞረ ጊዜ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የካምብሪጁ ካሜራ ማንንም ያላስቀየመው ስለ ምን ነበር? ፊቱ ወደ ዕቃ ስለዞረ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል፤ በከፊልም እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚመለከቱትና በማፍያው ዘንድ የሚመላለሱት እነዚያው ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ካሜራው የት እንዳለ፣ ምን እንደሚያይ፣ ስለ ምን እንደ ቆመ ያውቃል። አንዱ ተመልካች፣ ሌላው ተመልካች የሌለው ታዛቢ የሚታይበት አልነበረም፤ ቡና ሊቀዳ የሄደ ሰው እጁ በሥዕሉ ውስጥ ቢያልፍ እንኳ፣ ወደ ወንበሩ ተመልሶ የሌላውን እጅ ያያል። ማየትና መታየት በእኩል ተካፍለውታል።

ዛሬ በየቤቱ የሚገባው ካሜራ ይህን እኩልነት ይዞ አይመጣም። በየጊዜው ከምንሰማው ሁኔታ አንዱን እንውሰድ። አንዲት እናት በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች፤ ልጆችዋ በዋሽንግተን ወይም በሪያድ ናቸው። ልጆቹ ስለ እናታቸው ይጨነቃሉ፤ ወድቃ ቢሆንስ? መድኃኒትዋን ሳትወስድ ቀርታ ቢሆንስ? ስለዚህ ካሜራ ገዝተው በሰው እጅ ይልካሉ፤ የጎረቤት ልጅ ይገጥመዋል። አሳቡ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ይህን ማንም ሊነቅፍ አይገባም። ነገር ግን እናቲቱ አሁን እየታየች ይሁን አይሁን አታውቅም። ካሜራው ድምፅም የሚይዝ ከሆነ ከጎረቤትዋ ጋር የምትጫወተውም ይሰማል። አንዳንዶች እናቶች በገዛ ቤታቸው ነጠላቸውን ሳይለብሱ መቀመጥ እንደ ተዉ፣ ሌሎች ደግሞ ካሜራውን በሻሽ እንደሚሸፍኑትና ልጆቹ «ተበላሸ እንዴ?» ብለው ሲደውሉ መልሰው እንደሚገልጡት ሰምተናል። ልጆቹን ላለማስቀየም ሲሉ ዝም ይላሉ።

ይህን በኢሞ ወይም በቴሌግራም ከሚደረገው የቪዲዮ ስልክ ጋር እናነጻጽረው። የቪዲዮ ስልክ በር ያንኳኳል፤ ይጠራል፤ እናት ከፈለገች ታነሣለች፣ ካልፈለገች «ቆይ ልጄ፣ እጄን ልታጠብ» ትላለች። ስታነሣም እርስዋ ደግሞ ልጅዋን ታያለች፤ መክሳቱን፣ መድከሙን፣ ክፍሉ መጥበቡን ትታዘባለች። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ግን ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው። ስለዚህ ምክር ለሚጠይቁን የምንመልሰው ይህ ነው፤ ስልኩ የሚበቃ ከሆነ ስልኩ ይሻላል። ጤንነትዋ የሚያሰጋ ሆኖ ካሜራ ግድ ካለ፣ እናቲቱ ራስዋ ቦታውን ትምረጥ፤ መኝታ ቤት አይግባ፤ የመሸፈን መብትዋም አስቀድሞ በግልጽ ይነገራት፣ ሽፋኑም አብሮ ይሰጣት። ሁለት ጊዜ በቀን የሚያይዋት ጎረቤት ቢኖር ደግሞ፣ ለካሜራው የሚወጣው ገንዘብ በከፊል ለዚያች ጎረቤት ምስጋና ቢውል ብልህነት ነው፤ ካሜራው መውደቅዋን ያያል እንጂ አያነሣትም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበን ጉዳይ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። በዓረብ አገሮችም ሆነ በገዛ ከተሞቻችን ካሜራ በሳሎን፣ በማድ ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም ሠራተኛዋ በምትተኛበት ቦታ ሳይቀር ይሰቀላል። አሠሪ ለሕፃን ልጁ ደኅንነት መጨነቁ የታወቀ ነው፤ ካሜራውም በደልን ሊያጋልጥ፣ በሐሰት የተከሰሰችን ሠራተኛም ነጻ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ሠራተኛዋ ሳታውቀው የሚሰቀል ካሜራ ወጥመድ ነው። ሰው በሚተኛበት፣ በሚታጠብበትና ልብስ በሚለውጥበት ቦታ ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ፈጽሞ ሊኖር አይገባም። በዚህ ነገር የምናመቻምችበት ምክንያት አይታየንም። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መውጣቱን አሠሪዎችም ሠራተኞችም ሊያውቁ ይገባል።

በለቅሶ ቤት ስልክ ከፍቶ የሚያለቅሱትን ማስተላለፍ እየተለመደ መምጣቱንም እዚህ ላይ ሳናነሣ አናልፍም። በሩቅ ያለ ዘመድ እንዲያይ ታስቦ ከሆነ ለዚያ ዘመድ ብቻ መላክ ይቻላል። ያዘነ ሰው ፊቱን የሚሸፍነው በከንቱ አይደለም።

ካሜራውን የሚያየው ሌላ ማን ነው?

እስካሁን የተናገርነው ካሜራውን የሚቆጣጠረው የገዛው ሰው ብቻ እንደሆነ አድርገን ነው። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በመረብ ላይ ያለ ካሜራ ዓይን ያለው ኮምፒዩተር ነውና፣ እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር መግቢያው በስምና በምሥጢር ቃል ይጠበቃል። ፋብሪካው ሲሠራው አንድ የታወቀ ቃል ይሰጠዋል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳይለውጥ ይተወዋል። አዲስ ቤት ገዝቶ ሠሪው ለሰፈሩ ሁሉ ያደለውን ቁልፍ ሳይለውጥ መኖር ማለት ነው።

የዚህ ዋጋ በ2016 ታየ። «ሚራይ» የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ያሉ የኢንተርኔት ካሜራዎችንና የመሳሰሉትን መሣሪያዎች እየፈለገ፣ 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ ስሞችንና ቃላትን በየተራ እየሞከረ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩትን ማረከ። ባለቤቶቹ አንዳች አላወቁም፤ ካሜራቸው ሥዕሉን እንደ ወትሮው ያሳይ ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ግን እንዲህ የተማረኩ መሣሪያዎች በአንድነት ታዘው፣ የድረ ገጾችን አድራሻ የሚመራ «ዳይን» የተባለ ድርጅትን በጥያቄ ብዛት አጨናነቁት። ቀደም ሲል እንዳየነው በመረብ ላይ ጥያቄ ይላካል፣ መልስ ይሰጣል፤ በአንድ ጊዜ ቁጥር የሌለው የሐሰት ጥያቄ ሲመጣ ግን እውነተኛው ጠያቂ ተራ አያገኝም። በአሜሪካ ብዙ ታላላቅ ድረ ገጾች በዚያ ቀን ለሰዓታት ሳይከፈቱ ቀሩ። ፕሮግራሙን በመጀመሪያ የሠሩት ሦስት ወጣቶች በ2017 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነዋል። ልብ በሉ፤ የሰውየው ካሜራ በሳሎኑ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ በማያውቀው ሰው ላይ የሚዘምት ወታደር ሆነ።

በየቁምስናው ያላችሁ መምህራን ስለዚህ ነገር አንድ የተግባር ቀን እንድታዘጋጁ እንጠይቃለን። ካሜራ ያላቸው ቤተሰቦች ወይም እነርሱን የሚረዱ ወጣቶች ይምጡና የፋብሪካው የምሥጢር ቃል መለወጡን ይመርምሩ፤ ካልተለወጠ በዚያው ይለወጥ። አዲሱ ቃል የልጅ ስም ወይም የትውልድ ዓመት አይሁን፤ ረዘም ያለ፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያስታውሰው ይሁን፤ የሚረሳ ከሆነም በወረቀት ተጽፎ በቤት ውስጥ ቢቀመጥ ከፋብሪካው ቃል እጅግ ይሻላል። ካሜራውን የገጠመው የሱቅ ሠራተኛ ወይም የጎረቤት ልጅ በራሱ ስልክ መግቢያውን ይዞ ቀርቶ እንደሆነም በትሕትና ይጠየቅ። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ቤት የሠራልንን አናጢ ቁልፉን እንዲመልስ እንደ መጠየቅ ያለ ነው። ካሜራው የሚያስፈልግበት ጊዜ ካለፈም ይነቀል። ብዙዎቹ ለአንድ ሕመም ወይም ለአንድ የስርቆት ወሬ ተሰቅለው፣ ምክንያቱ ካለፈ ከዓመታት በኋላም እያዩ ይኖራሉ፤ የካምብሪጆቹ ሰዎች እንኳ ዓለም የሚወደውን ካሜራ ጊዜው ሲደርስ በገዛ ጣታቸው ዘግተውታል።

የደብተሩን ልምምድና የማፍያውን ታሪክ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ስለ ቤት ካሜራ የሚደረገውን ውይይት በሌላ ክፍለ ጊዜ ብታደርጉት ጊዜ ይበቃችኋል። በሁለተኛው ላይ ግን ወጣቶቹን ብቻ አትሰብስቡ። በቤታቸው ካሜራ የተሰቀለባቸው አረጋውያን እናቶችና አባቶች፣ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶችም ይጠሩ፤ ቡናም ይፈላ። ንግግሩንም የሚታዩት ይጀምሩት፤ ካሜራ የገዙትና የገጠሙት እስኪያበቁ ይስሙ።